ድርሰቱ ተጽፎ አልቋል፤ ማን ያንብበው?

አዲስ ተውኔት ጽፎ የጨረሰ ሰው ቀጥሎ የሚጠይቀው «የት ላስገባው?» ብሎ ነው። ላይ ላዩን ሲታይ መልሱ አያስቸግርም። አዲስ አበባ ውስጥ የመንግሥት ቴአትር ቤቶች አሉ፤ አዳራሽ እየተከራዩ የሚሠሩ የግል ቡድኖች አሉ፤ ሬዲዮና ቴሌቪዥን አለ፤ ባሕር ማዶም ስማቸው የገነነ ውድድሮች አሉ። ሆኖም ጥራዝ ታቅፎ ደጅ የጠና ሁሉ እንደሚያውቀው፣ የሚያንገላታው የደጅ ማነስ አይደለም። በደጁ የገባው ጽሑፍ የማን ጠረጴዛ ላይ እንደሚያርፍና መቼ መልስ እንደሚያገኝ አለመታወቁ ነው።

በዚህ ዳሰሳ እያንዳንዱን ደጅ በሦስት ጥያቄዎች እንመዝናለን። ማን ያነባል? መቼ ይመልሳል? «አይሆንም» ቢባልስ ደራሲው ምን ይዞ ይመለሳል? በእነዚህ ሦስቱ ሲመዘን የደጆቹ ደረጃ በዝና ከምናውቀው ይለያል። ትልቁ ቤት ሁልጊዜ የተሻለው ደጅ ሆኖ አይገኝም።

ከሰው ጋር የሚገባ ድርሰት

በአገራችን ተውኔት የተጀመረው ቴአትር ቤት ሳይኖር ነው። በጅሮንድ ተክለሃዋርያት ተክለማርያም «የአውሬዎች ኮሜዲያ»ን ያሳዩት በአዲስ አበባ አንድ ሆቴል ውስጥ ነበር፤ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ሥራው መታገዱም ይታወሳል። ከእርሳቸው ቀጥለው የመጡት ዮፍታሔ ንጉሤና መላኩ በጎሰው መምህራን ነበሩ። ለተማሪዎቻቸው ይጽፋሉ፤ ራሳቸው ያለማምዳሉ፤ ራሳቸው ያሳያሉ። ማመልከቻ የሚያስገቡበት ቢሮ አላስፈለጋቸውም።

በ1927 ዓ.ም. የሀገር ፍቅር ማኅበር ተመሠረተ። በ1948 ዓ.ም. ደግሞ ዛሬ ብሔራዊ የምንለው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ለንጉሡ የ25 ዓመት የዘውድ በዓል ተከፈተ። የመክፈቻው ተውኔት «ዳዊትና ኦሪዮን» ሲሆን፣ ደራሲው ራስ ቢትወደድ መኰንን እንዳልካቸው በዚያ ወቅት ጠቅላይ ሚኒስትር ነበሩ። ከዚያ ወዲህም የመድረኩ ትልልቅ ስሞች አብዛኞቹ የቤቱ ሰዎች ናቸው። ሎሬት ጸጋዬ ገብረመድኅን ይህንኑ ቴአትር ቤት መርተዋል፤ ተስፋዬ ገሠሠም ደራሲ፣ ተዋናይ፣ አዘጋጅና ኃላፊ ነበሩ። «ያላቻ ጋብቻ»ንና «ጠልፎ በኪሴ»ን የጻፉት መንግሥቱ ለማ በዩኒቨርሲቲ ተውኔት አስተምረዋል። ከእነርሱ በኋላ የመጣው ጌትነት እንየውም «እቴጌ ጣይቱ»ን ከመጻፉ ባሻገር በትወናና በዝግጅት የሚታወቅ ባለሙያ ነው።

የእነዚህ ሰዎች ችሎታ ለጥያቄ የሚቀርብ አይደለም። ግን መንገዳቸውን ስናይ ድርሰታቸው ወደ መድረክ የወጣው ከሰውየው ጋር አብሮ ነው። ማንም የማያውቀው ሰው ከደብረ ታቦር ወይም ከአሰላ በፖስታ የላከው ተውኔት አንባቢ የሚያገኝበት ሥርዓት እንደ ልማድ አልተተከለም። የዛሬው ወጣት ደራሲ «ዘመድ ከሌለህ አትልፋ» ሲባል የሚሰማውም ከዚህ የመጣ ነው። ምክሩ ግማሽ እውነት አለው። ቀሪውን ግማሽ ለማየት ደጆቹን አንድ በአንድ ማንኳኳት ያስፈልጋል።

የመንግሥት ቴአትር ቤቶች

ብሔራዊ ቴአትር፣ ሀገር ፍቅር፣ ራስ ቴአትር፣ በተለምዶ ማዘጋጃ ቤት የምንለው የአዲስ አበባ ቴአትርና ባህል አዳራሽ፣ የሕፃናትና ወጣቶች ቴአትር። አዲስ ድርሰት የያዘ ሰው መጀመሪያ የሚያስባቸው እነዚህን ነው፤ ማሰቡም ተገቢ ነው። ደመወዝተኛ ተዋንያን፣ የራሳቸው አዳራሽ፣ የመብራትና የአልባሳት ክፍል ያላቸው እነርሱ ናቸው። ሃያ ገፀ ባሕርያት ያሉትን የታሪክ ተውኔት ለመሸከም ከእነርሱ ሌላ የሚደፍር የለም።

አሠራሩ እንደየቤቱ ቢለያይም አካሄዱ ተቀራራቢ ነው። ደራሲው ድርሰቱን አሳትሞና ጠርዞ፣ «ጉዳዩ፦ የቴአትር ድርሰት ማቅረብን ይመለከታል» የሚል ማመልከቻ አያይዞ ለመዝገብ ቤት ይሰጣል። ማመልከቻው ቁጥር ይወጣለትና ወደ ጥበብ ክፍሉ ይመራል፤ ከዚያ ገምጋሚዎች እጅ ይገባል። ገምጋሚው ጭብጡን፣ የታሪኩን ፍሰት፣ ግጭቱን፣ የገፀ ባሕርያቱን አሳሳልና ቃለ ተውኔቱን ይመዝናል። በጎን ደግሞ ማመልከቻው ላይ ያልተጻፈውን ሒሳብ ይሠራል። ስንት ተዋናይ ይፈልጋል? መጋረጃው ስንቴ ይዘጋል? መቼቱ ስንት ቦታ ይቀያየራል? ለዚህ ነው በመጀመሪያው ገጽ የገፀ ባሕርያቱን ዝርዝር ከዕድሜና ከዝምድናቸው ጋር፣ በሁለተኛው የታሪኩን አጭር ጭማቂ ያስቀመጠ ድርሰት ቶሎ የሚነበበው። መቶ ገጽ ከማገላበጡ በፊት ምን እንደያዘ ያወቀ ገምጋሚ ልቡ ይከፈታል።

ውጤቱ ብዙውን ጊዜ ከሦስቱ አንዱ ነው፤ ተቀባይነት አገኘ፣ ተሻሽሎ ይቅረብ፣ ተመለሰ። ተቀባይነት ካገኘ አዘጋጅ ይመደብለታል፤ ልምምዱ አልቆ ከመመረቁ በፊትም በመድረክ ላይ ዳግም ይገመገማል። ስለዚህ «አለፈ» ከተባለ በኋላም ተውኔት ሊታረም፣ ሊቆረጥ፣ ሊቆይ ይችላል።

ማነቆው ያለው ከዚህ በኋላ ነው። ቴአትር ቤቶቻችን የሚሠሩት በቀን ድልድል ነው፤ አንድ ተውኔት አንድ የሳምንት ቀን ይይዛል፤ ተመልካች እስካለው ድረስም አይለቅም። «ባቢሎን በሳሎን»ን የመሰለ ተወዳጅ ኮሜዲ ለዓመታት ሲታይ ለቤቱም ለተመልካቹም ደስታ ነው፤ ሰልፍ ለያዘው አዲስ ድርሰት ግን የተያዘ ቀን ማለት ነው። ሳምንቱ ሰባት ቀን ብቻ ስለሆነ፣ ገምጋሚው የወደደው ጽሑፍም መሳቢያ ውስጥ ሊከርም ይችላል። ደራሲው ግን የሚያውቀው አለመጠራቱን ብቻ ነውና «አልወደዱትም» ብሎ ይደመድማል።

በሦስቱ ጥያቄዎች ሲመዘን ይህ ደጅ እንዲህ ነው። የሚያነቡት ባለሙያዎች ናቸው፤ ግን ንባብ በትወናና በዝግጅት ላይ የተደረበባቸው ሥራ ነው። መልሱ ቀን የለውም። ሲመለስ ግን አንዳንዴ በጽሑፍ የሰፈረ አስተያየት አብሮት ይመጣል፤ ይህ አስተያየት ከነማኅተሙ ለጀማሪ ደራሲ ትልቅ ትምህርት ነው። አንድ ሰው ድርሰቱ ሲመለስ አስተያየቱን በጽሑፍ ሳይጠይቅ ጥራዙን ብቻ ተቀብሎ ከወጣ፣ የጠበቀበትን ጊዜ ፍሬ እዚያው ጥሎ ወጣ ማለት ነው።

የግል ቡድኖች

በግል የሚሠራው ቴአትር መዝገብ ቤት የለውም። ድርሰቱን የሚያነበው ፕሮዲውሰሩ ወይም ስሙ የታወቀ ተዋናይ ነው። ተዋናዩ «ይህችን ገፀ ባሕርይ እኔ ልጫወታት» ካለ፣ ገንዘቡም አዳራሹም ይከተላል፤ ካላለ ነገሩ እዚያው ያልቃል። በጎ ጎኑ ፍጥነቱ ነው። ውሳኔው በሳምንታት ውስጥ ይታወቃል፤ አንዳንዴም በአንድ ማኪያቶ።

ዋጋው ደግሞ የድርሰቱ ቅርጽ ላይ ይከፈላል። አዳራሽ የሚከራይ፣ ማስታወቂያ የሚያስነግር፣ ወደ ክልል ከተሞችና አንዳንዴም አሜሪካና አውሮፓ ወዳሉ ሐበሾች የሚጓዝ ቡድን አራት አምስት ተዋናይ፣ አንድ ሳሎን፣ ብዙ ሳቅ ይፈልጋል። ሳሎንና ሳቅ ነውር የለባቸውም፤ ጥሩ የሳሎን ኮሜዲ መጻፍ ከሁሉ የሚከብድ ሙያ ነው። ነገር ግን ለዚህ ደጅ የሚሆነው ድርሰት ገና ሲጻፍ የሚታወቅ ስለሆነ፣ የጦር ሜዳ ተውኔት ይዞ ፕሮዲውሰር ቢሮ መመላለስ ለሁለቱም ጊዜ ማባከን ነው።

ሌላው ጣጣ ውሉ ነው። ብዙው ስምምነት በቃል ይደረጋል። ደራሲው የሚከፈለው በአንድ ጊዜ ነው ወይስ ከትኬት ገቢ በመቶኛ? ቡድኑ ወደ ውጭ ሲጓዝስ? ተቀርጾ ዩቲዩብ ላይ ሲጫንስ? እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ከልምምድ በፊት በወረቀት ካልሰፈሩ፣ ከምረቃው በኋላ ወዳጅነትን የሚያፈርሱት እነርሱ ናቸው።

ሬዲዮና ቴሌቪዥን

የሬዲዮ ድራማ በአድማጭ ብዛት ከማንኛውም አዳራሽ ይበልጣል፤ የሚቀበልበት መንገድ ግን ከመድረክ ይለያል። ጥሩ ምሳሌው «የቀን ቅኝት» ነው። ፖፑሌሽን ሚዲያ ሴንተር ያዘጋጀው ይህ ተከታታይ ድራማ ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. በ257 ክፍል ተላልፏል። እንዲህ ያለ ድራማ ከአንድ ሰው መሳቢያ ተጽፎ አልቆ አይመጣም። አስቀድሞ ጥናት ይካሄዳል፤ ጸሐፊዎች ተመርጠው ይሠለጥናሉ፤ ስለ ቤተሰብ ምጣኔና ስለ ኤች አይ ቪ ሊተላለፍ የሚገባው መልእክት ይለያል፤ ገፀ ባሕርያቱም በጎውን የሚወክሉ፣ ክፉውን የሚወክሉ፣ በሁለቱ መካከል የሚዋልሉ ተብለው ይከፈላሉ። አድማጩ ራሱን የሚያየው በሚዋልለው ሰው ውስጥ ነውና የጸሐፊው ብልኃት የሚፈተነው እዚያ ላይ ነው።

ስለዚህ ሬዲዮ የሚፈልገው ከድርሰቱ ይልቅ ደራሲውን ነው። ወደዚህ ደጅ የሚሄድ ሰው መቶ ገጽ ከሚያቀርብ አንድ የተጠናቀቀ ክፍል፣ የቀጣዮቹን ክፍሎች ንድፍና የገፀ ባሕርያቱን ማንነት በአጭሩ ቢያሳይ ይሻለዋል። ማስታወቂያ ወጥቶ ጸሐፊ ሲፈለግ ደግሞ የተጠየቀውን ያህል ማቅረብ ነው።

ቴሌቪዥንም በዚሁ መንገድ ሄዷል። «ገመና» በደራሲው በአዶኒስ ስም ቢታወቅም፣ እንደ «ሰው ለሰው» ያሉ ረጃጅም ድራማዎች በጋራ የተጻፉ ናቸው። ጣቢያው በአብዛኛው የሚዋዋለው ከፕሮዳክሽን ድርጅት ጋር እንጂ ከደራሲ ጋር አይደለም፤ ስለዚህ ድርሰቱን ጣቢያው በር ላይ ይዞ መቆም ትርጉም የለውም። አንባቢው ድርጅቱ ውስጥ ነው። በዚህ ደጅ ክፍያው የተሻለ ሊሆን ይችላል፤ ግን የገፀ ባሕርያቱ ባለቤትነት ለማን እንደሚሆን ውሉ ላይ ካልተጻፈ፣ ደራሲው ከመካከል ሲለይ የፈጠራቸው ሰዎች ያለ እርሱ መናገራቸውን ይቀጥላሉ።

ትንንሾቹ መድረኮች

ብዙ ደራሲያን ዝቅ አድርገው የሚያዩት፣ በሦስቱ ጥያቄዎች ሲመዘን ግን ከፍ ብሎ የሚገኘው ይህ ደጅ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ1970ዎቹ መጀመሪያ የተከፈተ የቴአትር ጥበባት ትምህርት ክፍል አለው፤ ተማሪዎቹ የሚያዘጋጁትና የሚተውኑት ጽሑፍ ዘወትር ያስፈልጋቸዋል። ጎተ ኢንስቲትዩትና አሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴዝ ለኪነ ጥበብ ዝግጅቶች አዳራሻቸውን ይከፍታሉ። በየክፍለ ከተማው የወጣት ማዕከላት አሉ። ባሕር ዳር ላይ ሙሉዓለም የባህል ማዕከል፣ ደሴ ላይ ወሎ ባህል አምባ አለ፤ የክልል ደራሲ አዲስ አበባን ብቻ እንደ መድረክ መቁጠሩ የቅርቡን ማለፍ ይሆንበታል። ሰንበት ትምህርት ቤቶችና አብያተ ክርስቲያናት በየበዓሉ የሚያሳዩት ድራማም መናቅ የለበትም፤ ብዙ ተዋናይ አፉን የፈታው እዚያ ነው፤ ደራሲም እንዲሁ።

በእነዚህ ቦታዎች የሚያነበው አንድ ሰው ነው፤ የፕሮግራም ኃላፊው፣ መምህሩ ወይም የቡድኑ አለቃ። መልሱ በአንድ ቀጠሮ ይገኛል። ገንዘብ ግን የለም፤ ቢኖርም ለትራንስፖርት ነው።

ከሁሉ የሚጠቅመው ደግሞ ወጪ የሌለበት የንባብ ምሽት ነው። ተዋንያን ወረቀታቸውን ይዘው ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፤ አንድ ሰው የመድረክ ማስታወሻውን ያነባል፤ ደራሲው ከኋላ ሆኖ ያዳምጣል። በወረቀት ላይ ያማረው ረጅም ንግግር አፍ ውስጥ ሲገባ ተዋናዩ ትንፋሽ ሲያጥረው ይሰማል። ሰው ሊስቅበት የታሰበው ቦታ በዝምታ ያልፋል፤ ያልታሰበው ቦታ ላይ ሳቅ ይፈነዳል። ሁለት ገፀ ባሕርያት አንድ ዓይነት አነጋገር እንዳላቸው፣ ስማቸው ካልተጠራ ማን እየተናገረ እንደሆነ እንደማይለይ ይጋለጣል። እንዲህ ያለውን እርማት የትኛውም ገምጋሚ ኮሚቴ በደብዳቤ ሊሰጥ አይችልም። ከዚህ ምሽት በኋላ ተሻሽሎ ለብሔራዊ ወይም ለሀገር ፍቅር የሚገባ ድርሰት፣ ከኮምፒውተር ቀጥታ ከወጣው ጋር አንድ አይሆንም።

ባሕር ማዶ

ወደ ውጭ መላክ ሲታሰብ መጀመሪያ የሚመጣው ቋንቋ ነው። በአማርኛ የተጻፈ ተውኔት የሚያነብ የውጭ ውድድር ማግኘት ይቸግራል። ጸጋዬ ገብረመድኅን «ኦዳ ኦክ ኦራክል»ን በእንግሊዝኛ ጽፈው በ1965 እ.ኤ.አ. በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ አሳትመዋል፤ ከዚያ አስቀድሞም ለንደን ሮያል ኮርት ቴአትር ሄደው ሙያውን በቅርብ አይተዋል። ያ መንገድ ዛሬም እንግሊዝኛ ይጠይቃል።

ለእኛ ዓይነቱ ደራሲ ለረጅም ጊዜ ክፍት የነበረው ደጅ ቢቢሲ ወርልድ ሰርቪስና ብሪቲሽ ካውንስል በ1989 እ.ኤ.አ. የጀመሩት ዓለም አቀፍ የሬዲዮ ተውኔት ውድድር ነው። ተወዳዳሪው ከብሪታንያ ውጭ የሚኖር መሆን ነበረበት፤ እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው ለሆነ ጸሐፊዎች የተለየ ምድብ ነበረው፤ የሚጠየቀው 53 ደቂቃ የሚፈጅ፣ ከስድስት ያልበለጡ ዋና ገፀ ባሕርያት ያሉት ድርሰት ነበር። ልኩን አስቀድሞ የሚናገር ውድድር ለደራሲ ትምህርት ቤት ነው። በዚህ ልክ ጽፎ የሚያውቅ ሰው ተመሳሳይ ጥሪ ሲወጣ ይዘጋጃል እንጂ አይደናገጥም።

ብሪታንያና አየርላንድ ለሚኖሩ ወገኖቻችን ደግሞ የማንችስተሩ ሮያል ኤክስቼንጅ ቴአትር ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚያካሂደው ብሩንትዉድ ሽልማት አለ። አንባቢዎቹ የደራሲውን ስም አያዩም፤ ቀድሞ የተሸለመውና ገና የጀመረው በአንድ ሚዛን ይቀመጣሉ። በ2009 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ፓፓታንጎ የተባለ የተውኔት ውድድር በበኩሉ ላሸነፈውም ላላሸነፈውም አስተያየት ሲጽፍ ቆይቷል። ሦስተኛውን ጥያቄያችንን፣ «አይሆንም» የተባለ ሰው ምን ይዞ ይመለሳል የሚለውን፣ እንደዚህ በግልጽ የመለሰ ተቋም ጥቂት ነው።

አሜሪካ ላሉት ኒው ፕሌይ ኤክስቼንጅ ከ2015 እ.ኤ.አ. ወዲህ ነገሩን ገልብጦታል። ደራሲው ድርሰቱን በኢንተርኔት ማኅደሩ ያስቀምጣል፤ የሚሻውን ፈልጎ የሚያገኘው ቴአትር ቤቱ ነው። አራት ሴት ተዋንያን ያሉት፣ ዘጠና ደቂቃ የሚፈጅ፣ ስለ ስደት የሚናገር ተውኔት የሚሻ አዘጋጅ በእነዚሁ መመዘኛዎች ለይቶ ያወጣል። ዋሽንግተንና ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ያደገ፣ በእንግሊዝኛ የሚጽፍ ልጅ በዚህ በር ቢገባ ያተርፋል።

እስራኤል ውስጥ ኢየሩሳሌም ላይ በየዓመቱ የሚዘጋጀው የሁለገብ ፌስቲቫል የቤተ እስራኤልን የኪነ ጥበብ ሥራዎች ያቀርባል፤ ቴአትርም ከእነዚህ አንዱ ነው። በዩጋንዳ ደግሞ በ2014 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የካምፓላ ዓለም አቀፍ የቴአትር ፌስቲቫል አለ፤ የኢትዮጵያዊቷ ጸሐፌ ተውኔት የመዓዛ ወርቁ «ዴስፐሬት ቱ ፋይት» የተባለ ተውኔት እዚያ ታይቷል። ካምፓላ ከለንደን ይልቅ ይቀርበናል፤ በርቀት ብቻ ሳይሆን በሚነሱት ጥያቄዎችም።

ከእጅ ሳይወጣ በፊት

«ድርሰቴን ቢወስዱብኝስ?» የሚለው ፍርሃት ብዙ ጽሑፍ ቤት ውስጥ አስቀርቷል። ሕጉ ለደራሲው የቆመ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ በአዋጅ ቁጥር 872/2007 እንደተሻሻለው፣ ወጥ የሆነና በወረቀትም ሆነ በሌላ መንገድ ግዙፍነት ያገኘ ሥራን ይጠብቃል። ጥበቃው የሚጀምረው ሥራው ሲፈጠር ነው፤ ደራሲው በሕይወት እስካለና ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ይዘልቃል። ሐሳብ ብቻውን ግን አይጠበቅም። ካፌ ቁጭ ተብሎ የተተረከ ታሪክ ነገ በሌላ ብዕር ቢመጣ ክርክሩ ከባድ ነው።

ስለዚህ ወግ ያለው ጥንቃቄ ይህን ይመስላል። ያልተጻፈውን አለማውራት፤ የተጻፈውን በአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን አስመዝግቦ የምስክር ወረቀት መያዝ፤ ድርሰት ሲያስገቡ በራስ ቅጂ ላይ የመዝገብ ቤቱን ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ማስደረግ። ይህን ያደረገ ሰው ፍርሃቱን ትቶ በብዙ ደጅ ሊያስገባ ይችላል። አንድ ድርሰት ለአንድ ቤት ሰጥቶ ዓመት ሙሉ መጠበቅ ጨዋነት ይመስላል፤ የሚጎዳው ግን ደራሲውን ነው። በሁለት ቤት ያስገባ ሰው ግን አንዱ ሲቀበለው ለሌላው ወዲያው ማሳወቅ ይጠበቅበታል።

ምን ጎደለ?

ደጆቹን ስናነጻጽር መድረክም ሕግም ጸሐፊም አለን። የጎደለው ንባብን እንደ ሥራ የያዘ ሰው ነው። ይህ ደግሞ አዲስ ሕንፃ አይጠይቅም። አንድ ቴአትር ቤት በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ለምሳሌ በመስከረምና በመጋቢት፣ ድርሰት የሚቀበልበትን ወር ቢያስታውቅ፤ ድርሰቱን ሲረከብ በሚሰጠው ወረቀት ላይ መልስ የሚሰጥበትን ቀን ቢጽፍ፤ ለገምጋሚዎቹ የደራሲውን ስም አንሥቶ ቢሰጥ፤ በወር አንድ ምሽት አዳራሹን ለአዲስ ድርሰት ንባብ ቢከፍት፣ ወጪው ከአንድ ምረቃ መስተንግዶ አይበልጥም። የሳምንት ቀኖቹ ቢሞሉ እንኳ ደራሲው ወረፋ ላይ መሆኑን ያውቃል፤ ሌላ ቦታ ለመሞከርም ነፃ ይሆናል።

ቴአትር ቤቶቹ ይህን እስኪያደርጉ ደራሲው ቅደም ተከተሉን በራሱ መያዝ ይችላል። መጀመሪያ ንባብ፣ ቀጥሎ እርማትና ምዝገባ፣ ከዚያ ለድርሰቱ ልክ የሚስማሙ ሁለት ወይም ሦስት ደጆች። ገፀ ባሕርያቱ ብዙ ከሆኑ የመንግሥት ቴአትር ቤት፤ አራት ከሆኑ የግል ቡድን፤ ታሪኩ በጆሮ ብቻ የሚቆም ከሆነ ሬዲዮ። ያስገባበትን ቀን ይመዝግብ፤ ሦስት ወር ሲሞላ ሄዶ ይጠይቅ፤ አስተያየቱን በጽሑፍ ይቀበል። በዚህ መሐል ግን ሁለተኛውን ተውኔት ይጀምር፤ ቴአትር ቤት የሚያስታውሰው ደራሲ ተመልሶ ሌላ ድርሰት ይዞ የመጣውን ነው።